ዝንጀሮ የናቀው መምህር

ሰው ቢንቀኝ ግድ የለኝም። ሰው ለመናቅ ምክንያት አያጣም፤ ጫማዬን አይቶ ይንቀኛል፣ ደሞዜን ሰምቶ ይንቀኛል፣ አልፎ ይሄዳል። እኔን የናቀኝ ግን ዝንጀሮ ነው። አንድ ሁለቱ እንዳይመስላችሁ። መንጋው በሙሉ፣ ከአውራው ከገመሬው ጀምሮ እናቱ ጀርባ ላይ እስከተለጠፈው ግልገል ድረስ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ የእህቴን ስንዴ እያላመጠ ናቀኝ። ነገሩ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። ተማሪዎቼ፣ ይህን ካነበባችሁ ሳቁ፤ አልቀየማችሁም።

ያኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ አሁንም አስተምራለሁ። ልዩነቱ ያኔ ሁሉን አውቃለሁ ባይ መሆኔ ነው። ከክፍል ስወጣ ቤቴ ገብቼ የማፈጠው ስልኬ ላይ ነው፤ የማየውም የዱር አራዊት ፊልም ብቻ። ያን አንበሳና የሜዳ አህያ የሚርመሰመስበትን ሣር ምድር ከተወለድኩበት ከጋይንት ይልቅ አውቀው ነበር ብል አላጋነንኩም። የዝሆንን መንጋ አሮጊቷ እንደምትመራው፣ ሴቶቹ አንበሶች አድነው ወንዱ ቀድሞ እንደሚበላ፣ ዝንጀሮና ነብር እንዴት እንደሚተናነቁ ለተማሪዎቼ ስተርክ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። የገዛ አገሬን አውሬ ግን እንቅ ነበር። ዝንጀሮ ምኑ አውሬ ነው? ሌባ ነው እንጂ! ከዝንጀሮ ጋር ሲታገል የሚውለውን ገበሬም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከዝንጀሮው ብዙም አልለየውም ነበር። እኔው የገበሬ ልጅ መሆኔን ዲግሪው አስረስቶኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሞኙንም ወረቀቱንም ሆኜ ነበር።

በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ታላቅ እህቴ አትጠገብ ደወለችልኝ። እቴ አትጠገብ ባሏ ሙላት ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ቤቷን ያቆመች ሴት ናት። ከአርብ ገበያ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ገደል አፋፍ ላይ ትኖራለች፤ ሁለታችንም የተወለድነው እዚያው ነው።

"ስንታየሁ ቀኗ ገፋ" አለችኝ። ነፍሰ ጡር ልጇን ማለቷ ነው። "ጤና ጣቢያ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ውሰጃት ብለውኛል። ቅዳሜ ይዣት ልወጣ ነው።"

"ነያ! እዚህ እቀበላችኋለሁ።"

"አንተን እዚያ አይደለም የምፈልግህ። ስንዴውን ማን ይጠብቅልኛል? የላዩን ማሳ በረዶ አወደመው። የቀረችን የገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው ናት፤ እሷም እሸቷ ደርሷል። አንዲት ቀን ያለ ሰው ከዋለች ዝንጀሮ ጨረሳት ማለት ነው። እሷ ከሄደች ዓመቱን ምን ልንበላ ነው ወንድሜ?"

"ለዝንጀሮ ነው እንዴ እንዲህ የምትጨነቂው?" አልኳት። ሳቄ በስልኩ ሳይሰማት አልቀረም። "አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ።"

አርብ ከሰዓት ሚኒባስ ይዤ አርብ ገበያ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ። ቅዳሜ ማለዳ ስንታየሁን በበቅሎ አስቀምጠው ከመንቀሳቀሳቸው በፊት እቴ ከሳጥን ላይ አንድ አሮጌ አረንጓዴ ካፖርት ከነቆቡ አንስታ አሳቀፈችኝ።

"ይሄን ለብሰህ ጠብቅ።"

"ምንድን ነው?"

"የሙላት ኮት ነዋ! ኮቱን ያውቁታል። ሙላት ወንጭፉ አይስትም ነበር፤ ሁለት ገመሬ ግንባራቸውን ብሎ ጥሏል። እኔን በቀሚስ ሲያዩኝ ከተቀመጡበት አይነሱም፤ ሴት ወንጭፍ እንደማትወረውር ያውቃሉ። ኮቱን ለብሼ ቆቡን ደፍቼ ስወጣ ግን አገር ለቀው ይሄዳሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሞቶም እየጠበቀልኝ ነው።"

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ፣ ዲግሪ ያለኝ ሰውዬ፣ "እቴ፣ ዝንጀሮ ጨርቅ ነው እንዴ የሚፈራው?" ብዬ ሳቅኩ። ኮቱ ላብ ላብና ጭስ ጭስ ይሸታል። እሺ አልኳትና ወስጄ የጥበቃው ጎጆ ውስጥ ሰቀልኩት። እኔ የለበስኩት ቢጫ ጃኬት ነው፤ ከታች ነጭ ስኒከር።

ከእቴ ማሳ ቀጥሎ ያለው የአያ ደሴ ነው። አያ ደሴ ስልሳውን ያለፉ፣ ቀጫጫ፣ ምላሰኛ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ አፋፍ ላይ ልማዱ እንዲህ ነው፦ አንዱ ጠባቂ ሲጮኽ ቀጥሎ ያለው ይቀበለዋል፣ ጩኸቱ ከማሳ ማሳ ይተላለፋል፣ ዝንጀሮውም የት እንደሚገባ ይጠፋዋል። በየእሁዱ ደግሞ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ በተራ አንድ ሰው ይቀራል። ያ እሁድ የአያ ደሴ ተራ ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ብቅ አሉ። አንድ ትልቅ ገመሬ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። አያ ደሴ ወንጭፋቸውን አዙረው ሲለቁት ድንጋዩ ቋጥኙን ገጭቶ ጮኸ፤ ገመሬው ወረደ። ወርዶም አልሄደም፤ ሌላ ድንጋይ ላይ ወጥቶ እኔን ያይ ጀመር።

"ዛሬ እያጠኑህ ነው" አሉኝ አያ ደሴ።

"እነማን?"

"እነሱ ናቸዋ! አዲስ ጠባቂ ሲመጣ አንድ ቀን ይሰጡታል። እጁን ያያሉ፣ እግሩን ያያሉ። እስቲ ወርውር።"

ወንጭፋቸውን ተቀብዬ ድንጋይ አስቀመጥኩበትና አዞርኩት። ስለቀው ድንጋዩ ወደ ኋላዬ ሄዶ የጎጆውን ክዳን በሳው። አያ ደሴ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። ገመሬው ግን አልሳቀም፤ ዝም ብሎ ነበር የሚያየኝ። አሁን ሳስበው መዝግቦኛል።

እፍረቴን ለመሸፈን ስለ አንበሳ ማስተማር ጀመርኩ። አንበሳ አገሩን በሽንቱ እንደሚከልል፣ ግሳቱ ምን ያህል ርቆ እንደሚሰማ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አያ ደሴ ጨዋ ናቸው፤ ሰምተው ሰምተው ሲያበቁ "ለመሆኑ አንበሳው ስንዴ ይጠብቃል?" አሉኝ።

እሁድ ማለዳ ደወሉ ተደወለ። አያ ደሴ ማሳቸው ዳር ቆመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያዩ አማተቡ። ያኔ ነው ጥጋቤ የመጣው።

"አያ፣ ሄደው ያስቀድሱ። ዛሬ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ።"

"ኧረ አይሆንም! ዝንጀሮ እሁድን ያውቃል። ደወል ሲሰማ እንደ ምእመን ነው የሚሰበሰበው።"

ከቦርሳዬ ጡብ የምታህል ጥቁር ስፒከር አውጥቼ አሳየኋቸው። ከከተማ ስልኬ ላይ ጭኜ ያመጣሁትን የአንበሳ ግሳት ለቀቅኩባቸው። ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉና "በስመ አብ!" አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ሰው ማስደንገጥ ዕውቀት ይመስለኝ ነበር።

"አዩ? ዝንጀሮ ይህን ሰምቶ እዚህ ድርሽ አይልም።"

"እሱስ ያስደነግጣል... ቅዳሴም ከቀረብኝ ሦስት ሳምንቴ ነው።" ሁለት ልብ ሆኑ። "በል እንግዲህ፣ ኮቱን ልበስ። በእናትህ መቃብር፣ ኮቱን ብቻ ልበስ።"

"እሺ እሺ፣ ይሂዱ።"

ሄዱ። ኮቱን አልለበስኩም።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። መጀመሪያ ገመሬው ትናንት በነበረበት ቋጥኝ ላይ ወጣ። ከኋላው ሌሎቹ አንድ በአንድ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ ከገደሉ ይፈልቁ ጀመር። ስልሳ ይሆናሉ። ስፒከሩን ከጎጆው ፊት ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ስልኬን ለቀረጻ አዘጋጅቼ፣ አንበሳዬን ለቀቅኩ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ደነገጡ። ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ገደሉ ተመልሰው ቆሙ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ "ሂድ ከዚህ፣ ሌባ!" እያልኩ ቀረጽኳቸው። ሁለተኛ ስለቀው ቀና ብለው አዩ። ሦስተኛ ስለቀው አንዲት እናት ቁጭ ብላ የልጇን ቅማል ትለቅም ጀመር። የጋይንት ዝንጀሮ አንበሳን ከየት ያውቀዋል? አባቶቹም አላዩት። ግሳት ይሰማል፤ ሽታ የለ፣ የሚንቀሳቀስ ሣር የለ፣ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ብቻ ስልክ ይዞ ይስቃል። ወደ ስንዴው ገቡ።

ይኸኔ "የሚያውቁትን ልስጣቸው" ብዬ የነብር ድምፅ ፈልጌ ለቀቅኩ፤ ያን እንደ መጋዝ የሚፈገፍገውን። ነብር እዚያ ገደል ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ያለኝን አስተያየት ልንገራችሁ። ዝንጀሮ ነብርን በቀን ብርሃን ሲያገኘው እንደማይሸሽ፣ ወንዶቹ ግንባር ፈጥረው እንደሚያጠቁት፣ አንዳንዴም እንደሚገድሉት እኔ ራሴ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥዬ አስተምሬዋለሁ። ለፈተናም አውጥቼዋለሁ! መልሱን ያልጻፈ ተማሪ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። ያ ትምህርት የፊልሙ ዝንጀሮ እንጂ የእህቴ ማሳ ዝንጀሮ ጉዳይ አልመሰለኝም ነበር። ከዚህ የባሰ ደንቆሮ ካያችሁ አሳዩኝ።

ገመሬው "ዋኽ!" አለ። ከሦስት ወገን "ዋኽ! ዋኽ!" ብለው መለሱለት። እናቶቹ ልጆቻቸውን ጀርባቸው ላይ እየጣሉ ወደ መሐል ሲሰበሰቡ አራት ወንዶች ጸጉራቸውን አቁመው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ወደ ስፒከሩ መጡ። ወደኔ ማለት ነው። ስልኩን አጠፋለሁ ብዬ ስነካካው ድምፁን ይባስ ጨመርኩት። ጎጆዋ ውስጥ ዘልዬ ገብቼ የጭራሮውን በር ጎተትኩ።

ገመሬው ስፒከሩን አንስቶ ነከሰው። ስፒከሩ እየተነከሰም ያጉረመርማል። ሁለተኛው ነጠቀው፣ ሦስተኛው መሬት ላይ ፈጠፈጠው። ዝም አለ። በጭራሮው ቀዳዳ ሳይ ሦስቱ ወደ ስንዴው ተመለሱ፤ ገመሬው ግን መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። አየኝ። አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋ፤ ክራንቻው ከአውራ ጣቴ ይረዝማል። "አያ ደሴ!" ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴን የሚቀበል ማሳ አልነበረም፤ የሚቀበለውን ሰው እኔው ነኝ ያሰናበትኩት። ሱሪዬ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ቀጥሎ ያደረገው ነው የገደለኝ። ዞረ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በሁለት ክንድ ርቀት፣ መላጣ መቀመጫውን ወደኔ አድርጎ ቁጭ አለና የስንዴ ዛላ እየመለጠ ይበላ ጀመር። የትኛውም አውሬ ለሚፈራው ጀርባውን አይሰጥም። ይህንንም አስተምሬያለሁ። እጄ ላይ ጎጆው ውስጥ ያገኘሁት የሙላት ዱላ አለ፤ አንዴ ብሰነዝር ማጅራቱን አገኘዋለሁ። አልሰነዘርኩም። ወደ ማሳው ሳይ ግልገሎቹ ዛላ ይወራወራሉ፣ እናቶቹ ጉንጫቸው እስኪወጠር ይሞጅራሉ፣ የበሉትን ያህል ይረግጣሉ። የእህቴ ዓመት ዓይኔ እያየ እየታኘከ፣ እኔ ጭራሮ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

በመጨረሻ ኮቱ ትዝ አለኝ። ከተሰቀለበት አውርጄ ለበስኩት፣ ቆቡንም ደፋሁ፣ በሩን ገፍቼ ወጣሁ።

እመኑኝ፣ ገመሬው ዞሮ ሲያየኝ ዘለለ! ማላመጡን ረስቶ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አለ። ማሳው በሙሉ ጸጥ አለ። ስልሳ ዝንጀሮ ቀና ብሎ ኮቱን አየ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ያዙ፣ ዳር ላይ ያሉት ወደ ገደሉ መውረድ ጀመሩ። እህቴ እውነቷን ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብቻ ነበር የቀረኝ። አንዲት እርምጃ!

ገመሬው አንዴ "ዋኽ" አለ፤ ሊሸሽ ይሁን ሊሞክረኝ ዛሬም አላውቅም። እኔ ዞሬ ሮጥኩ። የሙላትን ኮት እንደለበስኩ፣ ጫፉ እግሬ ላይ እየተጠለፈ፣ አንዴ ወድቄ አንዴ ተነስቼ፣ ዳገቱን ወጣሁት። አንዴ ዘወር ብዬ ሳይ ወርደው የነበሩት ተመልሰው ቁጭ ብለዋል።

መንገድ ላይ ከቅዳሴ የሚመለሱትን አያ ደሴን አገኘኋቸው። ከሩቅ ሲያዩኝ ደርቀው ቀሩ።

"ሙላት መስለኸኝ ልቤ ልትቆም" አሉ። ቀጥለው ፊታቸው ተለወጠ። "ያ ኮት ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።"

"አያ፣ ስንዴው..."

"የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል!" ብለው ነጠላቸውን አደግድገው ቁልቁል ወረዱ። ወንጭፋቸው ሁለት ጊዜ ሲጮህ ሰማሁ። መንጋው በእኒያ ቀጫጫ ሽማግሌ ፊት ገደሉን ሲወርድ ከላይ ሆኜ አየሁ። ምን ዋጋ አለው? ከማሳው የቀረው ከሩቡ ያነሰ ነበር፤ እሱም የተረጋገጠ።

እቴ ረቡዕ ተመለሰች። ስንታየሁ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። እልል ተብሎ ቤት ከገቡ በኋላ እቴ ብቻዋን ወደ ማሳው ወረደች፤ ተከተልኳት። ዳር ላይ ቆማ ብዙ አየች። አንድ የተረገጠ ዛላ አነሳችና በእጇ አሸችው።

"አንተንስ አልነከሱህም?" አለችኝ።

ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስፒከሩን፣ አያ ደሴን ማሰናበቴን፣ ሩጫውንም። ስንዴውን ስነግራት ዛላውን እያሸች ሰማችኝ። ሩጫው ላይ ስደርስ "ኮቱን ለብሰህ?" አለችና ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ የቀረችውን ሩብ ልትጠብቅ ኮቱን ለብሳ፣ ቆቡን ደፍታ ወጣች። እኔና አያ ደሴ ከላይ ቆመን እናያለን። ዝንጀሮዎቹ መጡ። እቴ ተነስታ እጇን አወናጨፈች፣ ጮኸች። ገመሬው ኮቱን አየት አደረገና ስንዴው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። እቴ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ኮቱን አወለቀች፣ አጠፈችው፣ ብብቷ ስር ይዛው እያለቀሰች ዳገቱን ወጣች። አያ ደሴ ወንጭፋቸውን ይዘው ወረዱ።

ስንዴ ይተካል። ሙላትን ሁለተኛ የገደልኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ዝንጀሮን መውደድ ተማርኩ እንድላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ዝንጀሮ ዛሬም ሌባ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። የተማርኩት ሌላ ነው። እኔ አንድን ነገር አወቅሁ የምለው ስናገረው ነበር፤ ዝንጀሮዎቹ ግን እጄን አይተው፣ እግሬን አይተው፣ በአንድ ቀን ጨርሰው አወቁኝ። ዲግሪዬን ቢያዩትም ሐሳባቸውን አይለውጡም ነበር። እናንተም ስልካችሁ ላይ አንበሳ ስታዩ የምታመሹ፣ የገጠር ዘመዳችሁ ስለ አውሬ ሲያወራ ከንፈራችሁን የምታጣምሙ፣ እስቲ ውጡና አንድ እሁድ ማሳ ጠብቁ። ከዚያ ተመልሳችሁ ታስተምሩኛላችሁ። እኔ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ቅዳሜና እሁድ እዚያው ነኝ። ወንጭፍ ለመድኩ፤ ክንዴ ተልጦ፣ ትከሻዬ አብጦ። ገመሬው እኔን ሲያይ ለመነሳት አሁንም አይቸኩልም።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ጎረቤቱ አውድማውን ጨርሶ አዲስ እህል ያስገባበት ወቅት ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ የሚቆረሰው ዳቦ ከገዛ ማሳ መሆን አለበት። ቄሱ ባርከው ዳቦው ሲታደል አንዲት ባልቴት ጎረቤት፣ ክፋት አስባ አይመስለኝም፣ "አትጠገብ፣ እንዴት ያለ ያማረ ስንዴ ነው! የአፋፉ ነው?" አለቻት።

ስንዴውን ከአርብ ገበያ ገዝቼ፣ በአህያ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እቴ ወደኔ አላየችም። ሙሉ ቁራሽ ቆርሳ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝና ለባልቴቷ መለሰችላት፦

"የገበያ ነው።"